ዲስኩ አልተበላሸም
ከባሕር ማዶ ስለሚመጡና ወደ ባሕር ማዶ ስለሚላኩ ዲቪዲዎች



በጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፣ ከቀጨኔ እስከ ሩፋኤል፣ ልጁ ወይም እኅቱ ባሕር ማዶ የምትኖር ቤተሰብ ብዙ ነው። ከዋሽንግተን፣ ከቶሮንቶ፣ ከፍራንክፈርት የሠርግ፣ የጉባኤና የመዝሙር ዲቪዲ ሲመጣ ኖሯል፤ ከዚህም ምንጭ ሲጎለብት፣ ሕፃናት ሲማሩ፣ መዘምራን ሲዘምሩ የሚያሳይ ዲስክ ለረጂዎች ሲላክ ቆይቷል። ዛሬ ብዙው ነገር በስልክና በኢንተርኔት ይላካል። ቢሆንም እነዚያ ዲስኮች በየአጥቢያው ቁም ሣጥን ውስጥ አሉ፤ ያረፉ ሽማግሌዎች መልክና ድምፅ የቀረው በእነርሱ ላይ ብቻ የሆነበት ቦታም አለ። ማጫወቻው ውስጥ ሲገቡ ምስሉ ሲንከባለል ወይም ማጫወቻው አልቀበልም ሲል፣ «ተበላሽቷል» ተብለው ይጣላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዲስኩ ደህና ነው፤ ያልተግባባው ከማጫወቻው ወይም ከቴሌቪዥኑ ጋር ነው። ስለዚህ ጉዳዩን በሚገባ ለማብራራት እንወዳለን።

ነገሩ የሚጀምረው ከመብራት ነው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የአውሮፓና የእኛ 50 ጊዜ። የመጀመሪያዎቹ የቴሌቪዥን መሐንዲሶች የምስሉን ፍጥነት ከዚሁ ጋር አስማሙት። በዚህም የተነሣ አሜሪካ በሰከንድ 30 ያህል ሙሉ ምስል፣ አውሮፓ 25 ምስል ያዙ። ቀለም ሲመጣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 ኤንቲኤስሲ የተባለውን ሥርዓት አጸደቀች፤ በጀርመን ደግሞ የቴሌፉንከን መሐንዲስ ዋልተር ብሩኽ ፓል የተባለውን ፈለሰፈ፤ ሥርጭቱም እ.ኤ.አ. በ1967 ተጀመረ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ሲሆን፣ ወደ ቀለም የተሻገረው በ1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ነው፤ የያዘውም ፓልን ነው። ከዚያ ወዲህ ለገበያችን የሚገቡት ቴሌቪዥኖች ለፓል የተሠሩ ሆኑ። ጎረቤታችን ጅቡቲ የፈረንሳዮቹን ሴካም ይዛ ነበር፤ ዲቪዲ ግን ሴካም የሚባል ነገር ስለማያውቅ ይህ እዚህ አያስቸግረንም።

ዲቪዲ እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ በጃፓን ገበያ ላይ ሲውል ይህን አሮጌ ልዩነት ወረሰ። በፓል ዲስክ ላይ እያንዳንዱ ምስል 576 መስመር ሲኖረው በሰከንድ 25 ምስል ያልፋል። በኤንቲኤስሲ ዲስክ ላይ 480 መስመር ብቻ ሲኖር በሰከንድ 30 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ምስል ያልፋል። አንዱ በመስመር ብዛት ይበልጣል፤ ሌላው በፍጥነት።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሁለተኛ ነገር አለ፤ እርሱም የቀጣና ቁጥር ነው። ይህ ከቴሌቪዥን ሥርዓት ጋር ዝምድና የለውም። የፊልም ኩባንያዎች በአንዱ አገር የሸጡት ዲስክ በሌላው አገር እንዳይታይ ዓለምን ከፋፍለው ያደረጉት ቁልፍ ነው። አሜሪካና ካናዳ 1 ናቸው፤ ምዕራብ አውሮፓና ጃፓን 2 ናቸው፤ ኢትዮጵያ ከብዙው አፍሪካ፣ ከሕንድና ከሩሲያ ጋር 5 ናት። ቁጥሩ በሽፋኑ ጀርባ በትንሽ የምድር ሉል ሥዕል ውስጥ ይታያል። 0 ወይም «ኦል» የሚል ከሆነ ለሁሉም ክፍት ነው። ቤተሰብ ወይም ቤተ ክርስቲያን በራሱ የቀዳው ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ቁልፍ የለውም፤ ስለዚህ የዘመድ ሠርግ አልታይ ቢል የቀጣናን ቁጥር አትውቀሱ።

ችግሩን ከምልክቱ መለየት ይቻላል። ማጫወቻው ጽሑፍ አውጥቶ ጨርሶ አላጫውትም ካለ የቀጣና ቁልፍ ነው። ድምፁ ጥርት ብሎ እየተሰማ ምስሉ የሚንከባለል፣ የሚቆራረጥ ወይም ጥቁርና ነጭ የሚሆን ከሆነ ፓልና ኤንቲኤስሲ አልተስማሙም ማለት ነው። መሀል ላይ ደርሶ የሚቆም፣ ምስሉ እንደ ሸክላ ስብርባሪ የሚበታተን ከሆነ ዲስኩ ተጭሯል ወይም ቆሽሿል፤ በለስላሳ ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር ጥረጉት፤ በክብ አይጠረግም። «ዲስክ የለም» የሚል ከሆነና ዲስኩ በቤት መቅጃ የተቀዳ ከሆነ ደግሞ ቀጂው መዝጊያውን ሥራ፣ ፋይናላይዝ የሚባለውን፣ ሳይሠራ አውጥቶት ይሆናል። እንዲህ ያለው ዲስክ በተቀዳበት መሣሪያ ላይ ይታያል፤ በሌላ ላይ አይታይም። ወደ ላኪው መልሶ ማዘጋቱ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ከአሜሪካ ወደ ጉለሌ የሚመጣ ዲስክና ከጉለሌ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ዲስክ እኩል ዕድል የላቸውም። በፓል አገር የሚሸጡ ማጫወቻዎች በብዛት ሁለቱንም ሥርዓት ያነባሉ፤ በተለይ ከቻይና የሚመጡት ብዙዎቹ ከፋብሪካቸው ለሁሉም ቀጣና ክፍት ናቸው። የአሜሪካ ማጫወቻዎች ግን ብዙዎቹ ኤንቲኤስሲን ብቻ ያነባሉ። ስለዚህ ከእነርሱ የመጣው እኛ ዘንድ ሲታይ፣ ከእኛ የሄደው በዚያ ወገን ባዶ ይሆናል። አንድ ማኅበረ ምእመናን ገንዘብ አዋጥቶ ያስጎለበተውን ምንጭ ለማየት እሑድ ከሰዓት ተሰብስቦ ጥቁር መስተዋት ቢያይ፣ ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ ነገር ግን ሪፖርቱ አልደረሰም። ስለሆነም ወደ አሜሪካና ካናዳ የምትልኩት ዲስክ በኤንቲኤስሲ የተዘጋጀ እንዲሆን እናሳስባለን። ወደ ጀርመን፣ እንግሊዝ፣ ኖርዌይና ስዊድን የሚሄደው ግን እንደ እኛው ፓል ቢሆን ይሻላል።

የመጣውን ለማየት መጀመሪያ መለወጥ አያስፈልግም። የማጫወቻውን ማስተካከያ ክፈቱና «ቲቪ ታይፕ» የሚለውን ተመልከቱ። ቴሌቪዥኑ አሮጌ፣ ባለ ቱቦና ፓል ብቻ ከሆነ «ፓል» አድርጉት፤ ማጫወቻው የኤንቲኤስሲውን ዲስክ ራሱ እየለወጠ ያሳያል። ቴሌቪዥኑ ጠፍጣፋና አዲስ ከሆነ «ኦቶ» ወይም «መልቲ» ይሁን። በአንዳንድ ሪሞት ላይ ፒ/ኤን የሚል ቁልፍ አለ፤ ምስሉ የተበላሸው ልጅ ሳያውቅ እርሱን ስለነካ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ኮምፒውተር ሁለቱንም ሥርዓት ያለ ችግር ያሳያል፤ ቪኤልሲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለዚህ ይበቃል። የምናስጠነቅቀው አንድ ነገር አለ። የኮምፒውተሩ ዲስክ ማንበቢያ የቀጣና ቁጥሩን 5 ጊዜ ብቻ ያስለውጣል፤ ከዚያ በኋላ በመጨረሻው ቁጥር ላይ ተቆልፎ ይቀራል። ዛሬ ለዚህ ዲስክ 1፣ ነገ ለዚያ 2 እያላችሁ የቢሮውን ኮምፒውተር አትጨርሱት።

ዘመድ በሻንጣ ማጫወቻውን ጭምር ሲያመጣ ደግሞ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። 100–240 ቮልት የሚል ከሆነ ሶኬቱን የሚያስማማ መሰኪያ ይበቃዋል። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በቀጥታ ከ220 ቮልቱ መብራታችን ጋር ካገናኛችሁት ይቃጠላል፤ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። እውነቱን ለመናገር፣ የትራንስፎርመሩ ዋጋና ድካሙ ከማጫወቻው ይበልጣል።

መለወጥ ግድ ሲሆን ከጀርባው የሚሆነውን ማወቅ ጥሩ ነው። ከፓል ወደ ኤንቲኤስሲ ሲለወጥ ከየ6ቱ መስመር 1 ይጠፋል፤ በሰከንድም 5 ያህል ምስል ተደግሞ ይሞላል። በተቃራኒው ከ480 ወደ 576 ሲሄድ መስመሩ ይበዛል እንጂ ያልነበረ ነገር አይታይም። ስለዚህ የተለወጠውን እንደ ገና አትለውጡት፤ ምንጊዜም ከመጀመሪያው ቅጂ ተነሡ፤ የመጀመሪያውንም አትጣሉ። ለመዝሙር በተለይ ጥንቃቄ ያሻል። በሰከንድ በ24 ምስል የተቀረጸ የሲኒማ ፊልም ወደ ፓል ሲዛወር በ25 ስለሚሮጥ የ100 ደቂቃው በ96 ደቂቃ ያልቃል፤ ድምፁም ካልታረመ ቀጥኖ ይወጣል። በዚሁ መንገድ፣ ነገር ግን በተገላቢጦሽ፣ የእናንተን ፓል ቅጂ ፍጥነቱን ቀንሶ የሚለውጥ ሰው መዝሙሩን ከቃናው ያወርደዋል። ከእንዲህ ያለ ዲስክ ጋር ኪቦርድ ለመምታት የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል። ለዋጩን «ርዝመቱ እንዳይለወጥ» በሉት፤ የአንድ ሰዓቱ ጉባኤ ከተለወጠም በኋላ አንድ ሰዓት መሆን አለበት።

በገበያ የተሸጠ ፊልም ግን የሌላ ሰው ሥራ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደ ማንኛውም ሰው እኛንም ይመለከተናል፤ አባዝቶ ለማደል ወይም በጉባኤ ለማሳየት የባለመብቱ ፈቃድ ይጠየቃል። ብዙ የመንፈሳዊ ፊልም አዘጋጆች ሲጠየቁ በደስታ ይፈቅዳሉ፤ ፈቃዱ ግን በጽሑፍ ይሁን።

በቤት የተቀዱ ዲስኮች ዕድሜያቸው አይታመንም። ፀሐይና ሙቀት የተቀዳበትን ቀለም ያደበዝዘዋል፤ ከእንጦጦ በታች ባለ እርጥብ ቤት ውስጥም ሻጋታ ያገኛቸዋል። ዲስክ የሚያነቡ ኮምፒውተሮችም እየጠፉ ነው። ስለዚህ የአጥቢያችሁን ዲስኮች አሁኑኑ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ። ሃንድብሬክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ያልተቆለፈውን ዲስክ ኤምፒ4 ወደሚባለው ፋይል ይለውጠዋል፤ እንዲህ ያለውን ፋይል የአሜሪካም የጉለሌም ስልክ ያሳየዋል፤ ፓልና ኤንቲኤስሲ ማለትም እዚያ ላይ አያስቸግርም። ፍጥነቱን ከሚጠይቃችሁ ቦታ «እንደ ምንጩ» የሚለውን ምረጡ። አንዱን ቅጂ በቢሮ፣ ሌላውን በሌላ ሰው ቤት አኑሩ።

ገና ዲስክ የምትልኩ ባልደረቦች፣ ፊቱ ላይ ቀኑን፣ የቦታውን ስም፣ ፓል ወይም ኤንቲኤስሲ መሆኑንና የደቂቃውን ብዛት ጻፉበት። መጻፊያው ጫፉ ለስላሳ የሆነ ማርከር ይሁን፤ እስክሪብቶ ይጭራል። የወረቀት ተለጣፊም አትለጥፉ፤ ዲስኩ ሲሽከረከር ሚዛኑን ያዛባዋል።