ኢኮኖሚክስ ወይስ ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን? ሶፍትዌር ለሚሠሩ ወጣቶች

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ሶፍትዌር መሥራት ተምረው ሥራ የጀመሩ ወጣቶች አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፦ «ሁለተኛ ዲግሪዬን በኢኮኖሚክስ ልሥራ ወይስ በቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን?» «ሁለቱም ስለ ገንዘብ ናቸው» ብሎ በአንዱ መመዝገብ ዓመታትንና የቤተሰብ ጥሪትን ሊያስከፍል ይችላል። ስለዚህ ልዩነታቸውን ሁላችንም በምናውቀው በዕቁብ እንመልከት።

ሃያ ነጋዴዎች በየወሩ 5,000 ብር ይጥላሉ እንበል። ዕጣ የደረሰው 100,000 ብር ይወስዳል። አንድ ወጣት ለዚህ ዕቁብ የስልክ መተግበሪያ ሊሠራ ቢነሣ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይገጥመዋል።

አንደኛ፣ ዋጋ እየጨመረ ሲሄድ በ20ኛው ወር የሚወሰደው 100,000 ብር በመጀመሪያው ወር ከተወሰደው እኩል ይገዛል? የቸገረው ሰው የሌላውን ዕጣ ሲገዛ ጨምሮ የሚከፍለው ለምንድን ነው? ይህ የኢኮኖሚክስ ጥያቄ ነው። ትምህርቱ ሰዎች ለምን እንደዚያ እንደሚመርጡ ይመረምራል፤ ሒሳብና ስታቲስቲክስም ይበዛበታል።

ሁለተኛ፣ ዳኛው ማን ነው? መዝገቡ እንዴት ይያዛል? ያልከፈለውን ማን ይጠይቃል? መተግበሪያውስ ለሌሎች ዕቁቦች እንዴት ይሸጣል? ይህ የቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ጥያቄ ነው። ሒሳብ አያያዝን፣ ገበያን፣ የሠራተኛ አስተዳደርን ያስተምራል።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ የሰርቨር ኪራይ በዶላር የሚከፍል ሁሉ ወጪው በብር ሲታሰብ ከፍ አለበት። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ብር ለምን እንደወረደ ያስረዳል። ማኔጅመንት የተማረው ደግሞ ከደንበኛ ጋር የተገባውን ውል እንዴት እንደሚያስተካክል ያስባል።

እንግዲህ እንዴት እንምረጥ?

1. የምትፈልገው ሥራ ይወስን። የራስህን ድርጅት ማቋቋም ወይም ሰዎችን መምራት ከሆነ ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ይሻላል። በባንክ፣ በጥናት ወይም በመረጃ ትንተና መሥራት ከሆነ ኢኮኖሚክስ ይጠቅማል፤ ፕሮግራም መጻፍ መቻልህም እዚያ ትልቅ እገዛ ነው።

2. መግቢያውን ጠይቅ። ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ብዙ ጊዜ ከሌላ ሙያ የመጡትንም ይቀበላል። በኢኮኖሚክስ ግን የቀደመ ትምህርትህ ሊጠየቅ ይችላል። ለሀገር አቀፉ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም ተዘጋጅ።

3. ከመክፈልህ በፊት የኮርሶቹን ዝርዝር አንብብ። ተቋሙ የግል ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለዚያ ትምህርት ፈቃድ ሰጥቶት እንደሆነ አረጋግጥ።

4. የጎደለህ ሒሳብ መያዝ ብቻ ከሆነ ዲግሪ ላያስፈልግህ ይችላል። አጭር ሥልጠና ወይም በአጎትህ ሱቅ ጥቂት ወራት መሥራት ይበቃህ ይሆናል። ከጉራጌ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ንግድን የተማሩት ከሱቅ ነው።

ወላጆችና ሽማግሌዎች ሆይ፣ ልጆች ሊያማክሩን ሲመጡ «እንጸልይበታለን» ማለታችን መልካም ነው። ከጸሎቱ ጋር ግን «ልትሠራ የምታስበው ሥራ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቃቸው። ይህን የመለሰ ልጅ የትኛውን ትምህርት እንደሚመርጥ ለመለየት አይቸገርም።