ጠርሙሱን አምጡልኝ

አንዲት እናት ትንሽ ልጃቸውን ታቅፈው ድንገተኛ ክፍል ገቡ። ልጅቷ ልጋጓ ይዝረበረባል፣ ቀሚሷ በላብ ርሷል፣ የዓይኗ ብሌን ጠብቦ የሰናፍጭ ፍሬ አክሏል። ፀጉሯ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። «ለቅማሏ ማላታይን ቀባኋት ዶክተር፤ በሻሽ አስሬ አሳደርኳት» አሉኝ።

እናትየው ከምንም ተነስተው አይደለም። በሌላ አገር 0.5 በመቶ ማላታይን ያለው የቅማል መድኃኒት አለ። ለሰብል የሚሸጠው ግን ብዙውን ጊዜ 50 በመቶ ነው፤ መቶ እጥፍ መሆኑ ነው። ይህን የሚናገረው ዕቃው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነበር፤ እሳቸው የገዙት ደግሞ ከጀሪካን ወደ ሃይላንድ የተገለበጠውን ነው። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ከወጣ ስንት ዓመቱ! እኔ ግን ዛሬም «ጠርሙሱን አምጡልኝ» ስል የሚመጣልኝ የውኃ ጠርሙስ ነው።

ማላታይንን ሰው ይንቀዋል። ለትኋን፣ ለቁንጫ፣ ለነቀዝ፣ ለማሳ ተባይ ያው እሱ ነው። ንቀቱም ትንሽ እውነት አለው። ማላታይን ክፉ የሚሆነው ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ማላኦክሶን ሲለወጥ ነው። የእኛ ጉበት ደግሞ ቀድሞ የሚሰባብርበት ኢንዛይም አለው፤ ነፍሳት ላይ ይህ ኢንዛይም ደካማ ስለሆነ እነሱ ያልቃሉ፣ እኛ እንተርፋለን።

ይህ ጋሻ ግን ይሰበራል። በ1976 እ.ኤ.አ. ፓኪስታን ውስጥ ለወባ መከላከል ማላታይን ከሚረጩ 7,500 ያህል ሠራተኞች 2,800 የሚሆኑት ተመረዙ፣ 5 ሞቱ። የሚረጩት የማላታይን ዱቄት ውስጥ አይሶማላታይን የሚባል ባዕድ ነገር ተገኘ፤ ያንኑ የጉበት ኢንዛይም የሚያስር ነው። ማላታይን ሙቀት ላይ ሲከርም ይህ ነገር እየበዛ ይሄዳል። ስለዚህ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የባጀ ጀሪካን ሳይ «ጊዜው አልፎበታል፣ ኃይል የለውም» የሚለው ወሬ አያጽናናኝም። ለትኋን ደክሞ ለሰው ሊብስ ይችላል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። መጀመሪያ ጓንት አጥልቀን ልብሷን አወለቅን፣ ፀጉሯን በሳሙና ደጋግመን አጠብን። አስታማሚ ልብሱን በፌስታል ጠቅልሎ ለሌላው ልጅ ሊወስድ ሲል ስንቴ አስጥለናል! ከዚያ ማርከሻው አትሮፒን ነው። በየ5 ደቂቃው መጠኑን እጥፍ እያደረግን፣ ጆሯችን ደረት ላይ ነው። ማቆሚያችን የብሌን መስፋት አይደለም፤ ሳንባ ውስጥ የሚንቦቀቦቀው ፈሳሽ መድረቁ ነው፤ ይህ መርዝ ሰውን በገዛ ፈሳሹ አፍኖ ይገድላልና። ማላታይን የጠጣን ሰው ወተት ግቶ ማስመለስም ጉዳት ነው፤ ማላታይኑ የተበጠበጠበት ዘይት መሰል ፈሳሽ በትውከት ሳንባ ከገባ ሌላ በሽታ ያመጣል።

በማግስቱ ልጅቷ ዳቦ ጠየቀች፣ እናትየውም «ታዲያ እንሂድ» አሉ። አልፈቀድኩም። ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ የአንገትና የመተንፈሻ ጡንቻ ድንገት ሊዝል ይችላል። ጠዋትና ማታ ስዞር «እስቲ እናቴ፣ ጭንቅላትሽን ከትራስ አንሺ» የምለው ለዚህ ነው። ማንሳት ያቃተው በሽተኛ ካለ፣ መተንፈሻ ማሽን ወዳለው ሆስፒታል የምደውለው ትንፋሹ እስኪያጥር ሳልጠብቅ ነው።