የብር ወለባ ዕድሜው እንዴት ይታወቃል?

ወለባ በሹሩባ መካከል የሚሰካ፣ ራሱ በጌጥ የተዋበ የብር መርፌ ነው። ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ወለባ አብዛኛውን ጊዜ የተሠራበት ዘመን አይጻፍበትም። ማንነቱ ሳይታወቅ በሚዛን ብቻ ከተሸጠ ወደ ማቅለጫ ሊገባ ይችላል፤ ታሪኩም አብሮት ይጠፋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ብሩ ከየት ተገኘ የሚለው ነው። የኢትዮጵያ አንጥረኞች ለረጅም ጊዜ ጌጥ የሚሠሩት ጠገራ ብር እያቀለጡ ነበር። በዐረብ ምድርም ይዘዋወር የነበረው ይህ የኦስትሪያ ገንዘብ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1780 ካረፈች በኋላ የታተመው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዟል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንኳ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ በዚሁ ዓመት ታትሟል። ስለዚህ በጌጥ ላይ የተንጠለጠለ ጠገራ ብር፣ ወይም 833 የሚጠጋ የብር መጠን፣ ምንጩን ይጠቁማል እንጂ ጌጡ የተሠራበትን ዘመን አይናገርም።

ቀጥሎ የሚመረመረው አሠራሩ ነው። በእጅ የተሠራ ወለባ ቀጭን የብር ሽቦ እየተጠማዘዘ፣ ጥቃቅን እንክብሎች እየተበየዱ ስለሚያጌጥ ሁለቱ ጎኖቹ ፍጹም አይመሳሰሉም። በቅርጽ ማውጫ ፈስሶ የተባዛው ግን የደበዘዘ ጌጥ፣ የአየር ቀዳዳ ወይም የመጋጠሚያ መስመር ሊታይበት ይችላል። ጣትና ጠጉር በሚነኩት ቦታ የለሰለሰ ከሆነም ለብዙ ጊዜ ማገልገሉን ያመለክታል። ማግኔት አለመሳቡ ግን ብርነቱን አያረጋግጥም፤ ናስም በማግኔት አይሳብም።

የሮማ ዘመን የፀጉር መርፌዎችን የሚያጠኑ ሊቃውንትም በተመሳሳይ መንገድ የመርፌውን ርዝመት፣ የራሱን ቅርጽና የዘንጉን ውፍረት ይመዘግባሉ። በብሪታንያ ከተገኙት የአጥንት መርፌዎች ቀደምቶቹ ወደ ጫፋቸው እየቀጠኑ ይሄዳሉ፤ የኋለኞቹ አጠር ብለው መሐላቸው ወፈር ይላል። ይህ ልዩነት ዘመን የሚያመለክተው ግን በአንድ የአፈር ንጣፍ አብረው የተገኙ ሳንቲሞችና የሸክላ ስብርባሪዎች ሲደግፉት ነው።

ከቤት የተወረሰ ወለባ የአፈር ንጣፍ የለውም፤ ምስክሩ ቤተሰብ ነው። ማን አሠራው፣ በየትኛው ሠርግ ተደረገ፣ አንጥረኛው የየት አገር ሰው ነበር የሚሉትን ጥያቄዎች መመለስ የሚችሉት አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ነው። በዶሃና በአካባቢዋ የሚኖር የቤተሰብ አባል አገር ቤት ስልክ ደውሎ መልሱን በጽሑፍ ቢያኖር፣ ጌጡን ከማስመሪያ ጋር ፎቶግራፍ ቢያነሣና ክብደቱን ቢመዘግብ ታላቅ ሥራ ይሠራል። ወለባውን በኃይል ማሸት ግን የአገልግሎት ምልክቱን ስለሚያጠፋ ከዚያ መታቀብ ይገባል።

በመጨረሻም፣ የኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። አሮጌ ጌጥ ወደ ኳታር ለማስመጣት ወይም ለመሸጥ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ በኢትዮጵያ የሚመለከተውን የቅርስ መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይኖርበታል።