ማሽኑ ቃሊቲ ገብቷል፤ ሱቁ ግን አልመጣም

የፕሌይስቴሽንና የኤክስቦክስ ፉክክር በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ሁለት ነገር ላይ ያርፋል፤ የትኛው ማሽን ጉልበት አለው፣ የትኛው ጌም በየትኛው ላይ ብቻ ይወጣል። ሁለቱም ክብደታቸው እየቀነሰ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2023 አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ68.7 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ጌሞቹን ለራሱ ይቆልፋቸዋል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግን ለራሱ ብቻ ይዟቸው የነበሩ ጌሞችን ጭምር ለፕሌይስቴሽን መሸጥ ጀመረ። ለአቃቂ ቃሊቲ ልጆችም ሆነ ጌም ሠርተው ለሚያድሩ ሰዎች ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው፣ እምብዛም የማይነሳው ጥያቄ ሱቁ የተከፈተው ለየትኛው አገር ነው የሚለው ነው።

የዛሬ ኮንሶል ያለ ኢንተርኔት ሱቁ ግማሽ ዕቃ ነው። ሶኒ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት የሚከፈትባቸውን አገሮች በዝርዝር አስቀምጧል፤ ከሰሃራ በታች ካሉት ውስጥ ያለችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት። ኢትዮጵያ የለችበትም። ማሽኑ በኮንቴይነር ቃሊቲ ጉምሩክ ቢደርስ ወይም በዘመድ ሻንጣ በቦሌ ቢገባ ለውጥ የለውም፤ ገዢው አሜሪካ ወይም ዱባይ እንደሚኖር አድርጎ ካልተመዘገበ አካውንት አያገኝም። ከተመዘገበም በኋላ ቴሌብር እዚያ አይሠራም፤ የስጦታ ካርድ ቁጥር ከውጭ የሚልክለት ሰው መፈለግ አለበት። ያን አካውንት ደግሞ ሶኒ ውል ተጥሷል ብሎ ሊዘጋው ይችላል።

ውጤቱ ሰፈር ውስጥ ይታያል። በቃሊቲም ሆነ በገላን ኮንዶሚኒየሞች ያለ ፕሌይስቴሽን ቤት አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን፣ ጎማው ተልጦ ያለቀ ጆይስቲክና ተራ የሚጠብቁ ልጆች አሉት። ጌሙ ኳስ ነው፤ ፊፋ፣ አለዚያ ፔስ። ሒሳቡ በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። ማሽኑ ብዙ ጊዜ ሃክ የተደረገ ነው፤ ጌሙም ከሰው ሃርድ ዲስክ የተጫነ። ባለቤቱ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ መብራት ይከፍላል፣ ጆይስቲክ ያስጠግናል። ጌሙን ለሠራው ሰው ግን አንድ ሳንቲም አይደርሰውም።

ሌብነት ነው ብሎ መዝጋት ይቀላል። እኔ ግን እነዚህን ልጆች መክፈል የማይፈልጉ አድርጎ ማየት ይከብደኛል። በየቀኑ ከኪሳቸው እያወጡ ነው። የጠፋው ገንዘቡን የሚቀበለው ነው።

የሚያሳስበኝ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። እስካሁን ቢያንስ ሲዲ ነበር፤ በብር ይገዛል፣ ለጓደኛ ይዋሳል፣ ሲሰለች ይሸጣል። ማይክሮሶፍት በ2013 ኤክስቦክስ ዋን በየ24 ሰዓቱ ከኢንተርኔት ካልተገናኘ ጌም እንዳያስኬድ፣ ያገለገለ ሲዲ ሽያጭም እንዲገደብ አስቦ ነበር። ሶኒ በአደባባይ የእኛን ሲዲ እንዳሻችሁ ተዋዋሱ የሚል መልስ ሰጠ፤ ማይክሮሶፍትም በዚያው ወር ዕቅዱን ሰረዘ። ፉክክር ለተጫዋቹ የሠራለት ያኔ ነው። አሁን ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ እየሄዱ ነው። በ2020 የወጣው ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ የሲዲ ማስገቢያ የለውም፤ በ2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮም ማስገቢያው ለብቻው ካልተገዛ ያለሱ ነው የሚመጣው። ጌም ሠሪዎቹም አያዝኑም፤ ካገለገለ ሲዲ ሽያጭ የሚደርሳቸው ነገር የለምና።

ሆኖም የሱቁ ዝርዝር እነሱንም ይጎዳል። አሮውሄድ የተባለው የስዊድን ድርጅት የሠራው ሄልዳይቨርስ 2 በ2024 በኮምፒውተርም ተሸጦ ገበያውን አጥለቅልቆ ነበር። ሜይ መግቢያ ላይ አሳታሚው ሶኒ የኮምፒውተር ተጫዋቾች ሁሉ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት ያውጡ አለ። አካውንቱ በማይከፈትባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ጌሙ ከሽያጭ ወረደ። ተጫዋቾች በቁጣ ሲነሱ ሶኒ በቀናት ውስጥ ትእዛዙን ሳበ፤ ሽያጩ ግን አብሮ አልተመለሰም። ገበያው የተዘጋው በጌም ሠሪው ላይ ነው፤ ውሳኔው ግን የእሱ አልነበረም።

የእኛ ጌም ሠሪዎች መንገድም እዚህ ላይ ይገባናል። ቅኔ ጌምስ ዶሮዋ የምታመልጥበትን «ኩኩሉ»ን፣ ቀጥሎም «ገበታ»ን ያወጣው ለስልክ ነው። ጎግል ፕሌይ ላይ ለመመዝገብ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ይበቃል፤ ለኮንሶል ግን የአምራቹ ፈቃድና በአብዛኛው ለሠሪዎች ብቻ የሚሰጥ ማሽን ያስፈልጋል። ያ ሁሉ ቢሳካ እንኳ ሱቁ ለቃሊቲ ልጅ አልተከፈተም።

ትልቅ አዲስ ጌም 70 ዶላር ገደማ ነው፤ ሱቁ ቢከፈትስ ማን ይገዛል የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው፤ በዚህ ዋጋ ብቻውን የሚገዛ ልጅ ጥቂት ነው። የፕሌይስቴሽን ቤቱ ባለቤት ግን ነጋዴ ነው፤ በወር የሚከፈል፣ በብር የተተመነ የንግድ ፈቃድ ቢቀርብለት የሚከፍልበት ገቢ አለው። ዛሬ እንዲህ ያለ ፈቃድ የሚሸጥለት የለም። የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴርና ኢትዮ ቴሌኮም ከሶኒና ከማይክሮሶፍት ጋር ይነጋገሩ፤ ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ ትግባ፣ ሱቁም ቴሌብርን ይቀበል።