በማን ክንድ?

ሜሪላንድ ውስጥ አዲስ ቤት የገዛ ዘመዴ ቤቱን ሲያስጎበኘኝ ከሳሎኑም ከኩሽናውም በላይ የቆየው ምድር ቤቱ ውስጥ፣ የኤሌክትሪክ ብሬከር ሳጥኑ ፊት ነበር። የሳጥኑ በር ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፏል፤ የግድግዳው፣ የጣሪያውና የመስኮቱ ሙቀት የመያዝ አቅም፣ የማሞቂያው ዓይነት፣ ከታች ደግሞ በደማቁ 58 የሚል ቁጥር። «ሕጉ ከሚጠይቀው በ42 በመቶ ይበልጣል ብሎኛል ሻጩ» አለኝ ኮራ ብሎ። ሻጩ አልዋሸም ማለት ይቻላል። የትኛውን ሕግ ማለቱ እንደሆነ ብቻ አልተናገረም።

ሜትር ገበያ ሳይገባ ጨርቅ የሚለካው በክንድ ነበር። ገዢ ክንዱ የረዘመ ዘመድ አስከትሎ ይመጣል፣ ነጋዴው ክንደ አጭር ልጁን ያቀርባል ሲባል ሰምተናል። ጭቅጭቁ ስንት ክንድ በሚለው ላይ አልነበረም፤ በማን ክንድ በሚለው ላይ እንጂ። የዘመዴ 58ም ያው ጥያቄ አለበት።

ቁጥሩ የሚወጣው ሬዝኔት የተባለ የአሜሪካ ድርጅት በሚያስተዳድረው፣ «ኸርስ» በሚባለው የቤት ኃይል መለኪያ ነው። ኮምፒውተሩ ለቤቱ ምናባዊ መንታ ይሠራለታል። ስፋቱ፣ የመኝታ ክፍሎቹ ብዛትና ያለበት አየር ጠባይ ያው ነው፤ ግድግዳው፣ መስኮቱና ማሞቂያው ግን በፈረንጆቹ 2006 የወጣው የኃይል ቁጠባ ደንብ በሚያዘው ልክ ይሆናል። የመንታው ነጥብ 100 ነው። ከዚያ እያንዳንዷ ዝቅ ያለች ነጥብ የአንድ በመቶ ቁጠባ ናት፤ ዜሮ ያመጣ ቤት በዓመት የሚፈጀውን ያህል ራሱ ያመነጫል ማለት ነው። የቆዩ ቤቶች 130 እና ከዚያም በላይ ያመጣሉ።

በሁለቱም ቤቶች ውስጥ የሚኖረው ደግሞ አንድ ምናባዊ ሰው ነው። ክረምት ከበጋ በማይለወጥ ልማድ፣ በብርዱ ወቅት ማሞቂያውን 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ፣ በሙቀቱ ወቅት ማቀዝቀዣውን 25 ተኩል ገደማ ላይ አድርጎ ይኖራል። በሳምንት ሁለቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥዶ እንጀራ እንደሚጋገር፣ እሁድ ሃያ ሰው ለቡና እንደሚሰበሰብ አያውቅም። ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፤ የሚመዘነው ቤቱ እንጂ ባለቤቱ አይደለምና።

የሚያሳስበኝ መንታው እዚያው 2006 ላይ ቀርቶ ዓለም መሄዱ ነው። አምፑልን ብቻ እንይ። የመንታው ቤት መብራት በአብዛኛው ያ እጅ የሚያቃጥለው ቢጫ አምፑል ነው ተብሎ ይታሰባል። ያንን አምፑል ግን የአሜሪካ የፌዴራል ደንብ ከ2023 ነሐሴ ጀምሮ ከሱቅ አስወጥቶታል። ዛሬ ቤት የሚሠራ ሰው ኤል.ኢ.ዲ. የሚሰቅለው ሌላ ስለማይሸጥለት ነው፤ ነጥቡን ግን እንደ ትጋት ይቆጥሩለታል።

ደንቡ በበኩሉ በየሦስት ዓመቱ እየታደሰ መጥቷል። ለውጡ በደንብ የሚታየው በአየር መፍሰስ ላይ ነው። የፍተሻው ቀን ቴክኒሻኑ የፊት በሩን ከፍቶ፣ ማራገቢያ የተገጠመበት የጨርቅ በር ይወጥርበታል። ማራገቢያው የቤቱን አየር እየሳበ ወደ ውጭ ሲያወጣ፣ የውጭው አየር በየስንጥቁ ሾልኮ ይገባል። ያኔ እጅዎን ሶኬት አጠገብ ቢያደርጉ ቀዝቃዛ ትንፋሽ ይሰማዎታል፤ እጣን አጭሰው ወደ ኮርኒስ መውጫው ቢያስጠጉ ጭሱ ወዴት እንደሚገፋ ይነግርዎታል። የግፊቱ ልዩነት 50 ፓስካል ሲደርስ የቤቱ አየር በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ ይሰላል። የ2006ቱ ደንብ ይህን ልኬት አልጠየቀም። የ2009ኙ ከ7 እንዳይበልጥ አለ፤ መለካት ላልፈለገ ግን በዓይን አይቶ ማለፍንም ፈቀደ። የ2012ቱ ለሜሪላንድ ዓይነት አየር ጠባይ 3 ብሎ ወሰነ፤ መለካቱንም ግዴታ አደረገው። በፍተሻው ግፊት በዘጠኝ ደቂቃ ገደማ አየሩ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ የነበረ ቤት ሃያ ደቂቃ እንዲይዝ ታዘዘ ማለት ነው። እንዲህ የታፈነ ቤት የአየር መለዋወጫ ማራገቢያ ያስፈልገዋልና እሱም አብሮ መጣ።

ስለዚህ 100 የሚለው ቁጥር ድሮ «እንደ ሕጉ» ማለት ነበር፤ አሁን ግን አዳዲሶቹ ደንቦች በሚሠሩበት አካባቢ መቶ ያመጣ ቤት ፈቃድ አያገኝም። መለኪያው በየጊዜው ይነቀል ከተባለ ደግሞ አምና 58 ያለው ቤት፣ አንድ ሚስማር ሳይነቃነቅ ዘንድሮ ሌላ ቁጥር ይይዛል፤ የ2010ን ቤት ከ2024ቱ ጋር ማወዳደርም ይቀራል። የቆመ መለኪያ ጥቅም አለው። እኔ ራሴ መቶው ባለበት ይቆይ ባይ ነኝ።

ችግሩ የሚከፋው ደንቡና መለኪያው ሲቀላቀሉ ነው። ከ2015 ጀምሮ ደንቡ ግድግዳውንና መስኮቱን አንድ በአንድ ከማስፈተሽ ይልቅ በጠቅላላ ነጥብ ማለፍም ይቻላል አለ። ለሜሪላንድ የአየር ጠባይ የተቀመጠው ጣሪያ 54 ነበር። በ2018ቱ እትም 62 ሆነ፤ ላላ ማለት ነው። በ2021ዱ ወደ 54 ተመለሰ። ሁለቱ 54ቶች ግን መንትዮች አይደሉም። የ2015ቱ የአሰላል መመሪያውን በራሱ ገጽ ላይ ነበር የጻፈው፤ የ2021ዱ ስሌቱን ለሬዝኔት የ2019 መስፈርት ሰጠው። ሁለት ክንድ፣ አንድ ቁጥር። ደንብ አርቃቂዎችና መለኪያ አርቃቂዎች በየፊናቸው ቀጠሮ ይዘው መጽሐፋቸውን ሲያድሱ የሚገኘው ይኸው ነው።

እግረ መንገዴን ሌላም ልበል። መንታው ከቤቱ ጋር አብሮ ስለሚያድግ ትልቅ ቤት ይጠቀማል። 600 ካሬ ሜትር የሆነ ቪላ 50 አምጥቶ፣ 60 ካመጣች 100 ካሬ ሜትር ቤት የሚበልጥ ኃይል ሊፈጅ ይችላል። ነጥቡ ብቻውን የመብራት ሂሳብ አይደለም።

እንግሊዝ አገር የደንቡና የመለኪያው አለመግባባት በሌላ በር ገባ። እዚያ ቤቶች ከኤ እስከ ጂ ፊደል ይሰጣቸዋል፤ ፊደሉ በዋናነት የሚወሰነው በተሰላ የኃይል ወጪ ነው። የግንባታ ደንቡ ግን የካርቦን ልቀትንም ይቆጥራል። የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎች እየተዘጉ የነፋስ ኃይል ሲበዛ፣ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ 0.519 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል ይል የነበረው ስሌት በ2022 ሥራ ላይ ከዋለው ደንብ ጋር ወደ 0.136 ወረደ። ውጤቱን አስቡት፤ የጋዝ ማሞቂያውን ነቅሎ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሂት ፓምፕ የገጠመ ሰው በግንባታ ደንቡ ዘንድ ይመሰገናል፣ ኤሌክትሪክ ከጋዝ ስለሚወደድ ግን ፊደሉ ሊወርድበት ይችላል። አንዱ መሥሪያ ቤት የባረከውን ሌላው ወረቀት ይቀጣዋል።

ወደ ምድር ቤቱ ልመለስ። የዘመዴ 58 በ2018ቱ ጣሪያ፣ በ62 ሲታይ ያልፋል። በ2021ዱ ጣሪያ፣ በ54 ሲታይ ግን ይወድቃል። 42 በመቶ የተባለው ብልጫም ከ2006 ላይ የተቆጠረ ነው። ይህን ሁሉ ስነግረው ትንሽ ዝም አለና «ታዲያ የኔ በየትኛው ነው የተሠራው?» አለኝ። የ2021ዱ ደንብ ካሻሻላቸው ነገሮች አንዷ ትንሽ ብትሆንም እኔ በጣም የምወዳት ናት፤ ብሬከር ሳጥኑ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ቤቱ በየትኛው እትም፣ በየትኛው መንገድ ፈቃድ እንዳገኘ እንዲጽፍ ታዛለች። የስልኩን መብራት አብርተን ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ፈለግን። ዓመት የሚል ቦታ የለውም።

«የ2021ዱ አይደለም ማለት ነው» አልኩት።