ቦሄሚያን ራፕሶዲ (ፊልም)

ቦሄሚያን ራፕሶዲ እ.ኤ.አ. በ2018 ለእይታ የበቃ የሙዚቃ ፊልም ሲሆን፣ የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የኩዊን ድምፃዊ የነበረውን የፍሬዲ መርኩሪን ሕይወት ይተርካል። ርዕሱ ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1975 ካወጣው ዘፈን የተወሰደ ነው። መርኩሪን ሆኖ የተወነው ራሚ ማሌክ ነው። በዳይሬክተርነት የተመዘገበው ብራያን ሲንገር ቢሆንም ቀረጻው ሳያልቅ ስለተሰናበተ ሥራውን ዴክስተር ፍሌቸር አጠናቅቆታል። በፊልሙ የሚሰማው የዘፈን ድምፅ በአብዛኛው ከመርኩሪ ቅጂዎችና ከድምፃዊው ማርክ ማርቴል የተገኘ ነው።

ታሪኩ

መርኩሪ እ.ኤ.አ. በ1946 በዛንዚባር ከፓርሲ ቤተሰብ ተወለደ፤ የቀድሞ ስሙ ፋሮክ ቡልሳራ ነበር። ፊልሙ ከ1970 ጀምሮ ባንዱ እንዴት እንደተመሠረተና ዝናን እንዳገኘ አሳይቶ በ1985ቱ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ይደመደማል።

ከእውነታው ጋር ያለው ልዩነት

ፊልሙ ዘጋቢ ፊልም አይደለም፤ ለድራማው ሲባል የጊዜ ቅደም ተከተሉ ተለውጧል።

• በፊልሙ መርኩሪ በኤች አይ ቪ መያዙን ለጓደኞቹ የሚነግራቸው ከላይቭ ኤይድ በፊት ነው። የሕይወት አጋሩ ጂም ሃተን እንደገለጸው ግን በሽታው የታወቀው በ1987 ነው። መርኩሪ በ1991 አረፈ።

• በፊልሙ ባንዱ ተበትኖ ለኮንሰርቱ እንደገና ይሰባሰባል። በእርግጥ ግን ኩዊን በ1984 አዲስ አልበም አውጥቶ እስከ ሜይ 1985 ድረስ በጉዞ ላይ ሙዚቃ ያቀርብ ነበር።

• «ዊ ዊል ሮክ ዩ» የተባለው ዘፈን በፊልሙ በ1980 ሲደረስ ይታያል፤ የወጣው ግን በ1977 ነው።

ላይቭ ኤይድ እና ኢትዮጵያ

የፊልሙ መደምደሚያ የሆነው ኮንሰርት የተዘጋጀው በኢትዮጵያ በረሃብ ለተጎዱ ወገኖች ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየምና በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ከተማ ተካሄደ። አዘጋጆቹ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ነበሩ። ምክንያቱም በተለይ ወሎንና ትግራይን ክፉኛ የጎዳው፣ በአገር ውስጥ «የ77ቱ ድርቅ» እየተባለ የሚታወሰው ረሃብ ነው።

በፊልሙ የልገሳ ስልኮቹ በብዛት መጮህ የሚጀምሩት ኩዊን መድረክ ላይ ሲወጣ ነው። በዕለቱ ግን ዴቪድ ቦዊ ሊዘፍን ካሰባቸው ዘፈኖች አንዱን ትቶ፣ በሰዓቱ የረሃቡ ተጎጂዎች ምስል እንዲታይ አድርጎ ነበር። ይህ ምስል የብዙ ተመልካቾችን ልብ የነካ ቢሆንም በፊልሙ ውስጥ የለም። ስለዚህ ፊልሙ የመርኩሪን የመድረክ ብቃት በሚገባ ቢያሳይም፣ ኮንሰርቱ ለምን እንደተዘጋጀ የሚያውቀው ተመልካች ከሌላ ቦታ ማንበብ ይኖርበታል።

አቀባበል

ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በ2019 አራት የኦስካር ሽልማቶችን ያገኘ ሲሆን፣ ከእነዚህም አንዱ ማሌክ በምርጥ ተዋናይነት የተሸለመው ነው።