የሥራ ቦታ ቍጥጥር እንዴት ቢሻሻል ይበጃል? ከራና ፕላዛ የተገኘ ትምህርት ለአስመጪ፥ ለላኪና ለባለሱቅ

ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ ዐይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው በዋጋውና በጥራቱ ላይ ነው። ጨርቁን በጣቱ ይዳስሳል፤ ስፌቱን ስቦ ያያል፤ ዕቃው የሚደርስበትንም ቀን በውል ያስወስናል። ያ ልብስ የተሰፋበት ቤት ምሰሶው የተሰነጠቀ፥ በሩም ከውጭ የተቈለፈ እንደ ሆነ ግን ናሙናው አይናገርም። ይህን ሊነግረው የሚችለው ሥራ ቦታውን የሚመረምር ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ መርማሪው ራሱ የማያይ ወይም ያየውን የማይናገር ከሆነ ገዢውም ሻጩም ሠራተኛውም በጨለማ ይሄዳሉ። በዚህ ጽሑፍ የምናወሳው ይህን የመሰለ ጨለማ በአንድ አገር ምን ያህል ጥፋት እንዳደረሰ፥ ከጥፋቱም በኋላ የቍጥጥሩ ሥራ በምን አኳኋን እንደ ተሻሻለ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

አንድ ስንጥቅ፥ ሁለት ውሳኔ

ከባንግላዴሽ ዋና ከተማ ከዳካ አጠገብ በምትገኘው በሳቫር ራና ፕላዛ የሚባል ባለ 8 ፎቅ ሕንፃ ነበረ። በታችኛው ክፍል ሱቆችና አንድ ባንክ፥ በላይኞቹም ፎቆች የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ይሠሩበት ነበር። ሕንፃው ለፋብሪካ ተብሎ የታቀደ አልነበረም፤ የላይኞቹ ፎቆችም ያለ ተገቢ ፈቃድ የተጨመሩ ነበሩ። በዚያ ላይ ብዙ የስፌት መኪናና ከባድ ጀነሬተሮች ተጭነውበት ነበር።

ኤፕሪል 23 ቀን 2013 በሕንፃው ላይ ስንጥቅ ታየ፤ ሰዎቹም እንዲወጡ ተደረገ። በማግሥቱ ባንኩና ሱቆቹ ተዘግተው ዋሉ። የልብስ ሠራተኞቹ ግን ወደየመኪናቸው እንዲገቡ ታዘዙ። ጧት መብራት ጠፍቶ ጀነሬተሮቹ ከተነሡ በኋላ ብዙ ሳይቈይ ሕንፃው ተደርምሶ ወደቀ። ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ 2,500 ያህልም ቈሰሉ።

የባንኩ ጸሓፊና የስፌት ሠራተኛዋ ያዩት ስንጥቅ አንድ ነበር። ለባንኩ ጸሓፊ «ነገ አትምጣ» የሚለው አለቃ ተገኘለት፤ ለሠራተኛዋ ግን አልተገኘላትም። ከፋብሪካው አለቃ በላይ የትእዛዝ ቀነ ገደብ ነበረ፤ ከቀነ ገደቡም በላይ ሸቀጡን ከሩቅ አገር የሚጠብቅ ገዢ ነበረ። ነገሩ የኛን የነጋዴዎችን ሥራ የሚነካው በዚህ በኩል ነው።

መርማሪ ጠፍቶ አልነበረም

አንድ ሰው «ያን ጊዜ የሚቈጣጠር አልነበረም እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «ነበረ» የሚል ነው። በራና ፕላዛ ውስጥ ከነበሩት ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ በግል የምርመራ ኩባንያዎች ተጐብኝተው ነበር። ይሁን እንጂ መርማሪዎቹ የሕንፃውን ጥንካሬ እንዲመለከቱ አልታዘዙም ነበርና ስለ ምሰሶው የጻፉት ነገር አልነበረም።

ከዚህ ቀደም ብሎ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2012 በፓኪስታን በካራቺ ከተማ አንድ የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሰዎች ሞተዋል። መስኮቶቹ በብረት የታጠሩ፥ መውጫዎቹም የተዘጉ ነበሩ። ፋብሪካው ግን እሳቱ ከመነሣቱ ከጥቂት ሳምንታት በፊት በዓለም የታወቀ የመልካም አሠራር የምስክር ወረቀት ተቀብሎ ነበር። እንደዚሁም ኖቬምበር 24 ቀን 2012 ከዳካ አጠገብ በታዝሪን ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ ከ110 በላይ ሠራተኞች አልቀዋል። በዚያ ቤት እሳቱ የተነሣው ክርና ጨርቅ ከተከመረበት ከምድር ቤቱ ነው፤ ደረጃዎቹም ሁሉ የሚወርዱት ወደዚያው ወደ እሳቱ ነበር።

ወረቀቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ቤቱ ባዶ የሆነበት ምክንያት ሲመረመር እነዚህ ጉድለቶች ይገኛሉ። አንደኛ፥ ምርመራው ብዙ ጊዜ ቀኑ አስቀድሞ ይነገራል፤ እንግዳ እንደሚመጣ የተነገረው ቤት ደግሞ ሁልጊዜ የተጠረገ ነው። ሁለተኛ፥ የመርማሪውን ዋጋ የሚከፍለው ተመርማሪው ባለፋብሪካ ወይም ሸቀጡን በፍጥነት የሚፈልገው ገዢ ነው። ሦስተኛ፥ የተጻፈው መግለጫ ምስጢር ሆኖ ስለሚቀመጥ ሠራተኛው ሊያነበው አይችልም። አራተኛ፥ ጉድለት ቢገኝ እንኳ ማን በማን ገንዘብ እስከ መቼ እንደሚጠግነው የሚወስን የለም። እንዲህ ያለ ቍጥጥር የሚያፈራው የአእምሮ ዕረፍትን ብቻ ነው፤ አደጋን አይከለክልም።

በ2013 የተደረገው ስምምነት

ራና ፕላዛ በወደቀ ወር ሳይሞላው፥ በሜይ 2013፥ የባንግላዴሽ የእሳትና የሕንፃ ደኅንነት ስምምነት ተፈረመ። በአንድ በኩል ልብስ ገዢ ኩባንያዎች፥ በሌላው በኩል ኢንዱስትሪኦልና ዩኒ የሚባሉት ዓለም አቀፍ የሠራተኞች ማኅበራት ፈረሙ፤ ሊቀ መንበርነቱም ለዓለም የሥራ ድርጅት ተሰጠ። ከጊዜ በኋላ የፈራሚዎቹ ኩባንያዎች ቍጥር ከ200 አለፈ፤ በስምምነቱ የተጠቃለሉትም ፋብሪካዎች 1,600 ያህል ሆኑ።

ይህን ስምምነት ከቀድሞዎቹ የበጎ ፈቃድ ቃል ኪዳኖች የሚለየው በሕግ የሚያስገድድ መሆኑ ነው። የሕንፃ፥ የመብራትና የእሳት መሐንዲሶች ከባለፋብሪካውም ከገዢውም ትእዛዝ ነጻ ሆነው እያንዳንዱን ፋብሪካ መረመሩ። የጻፉት መግለጫ ከነጥገናው ቀነ ገደብ ለሕዝብ ሁሉ ይፋ ወጣ። ገዢዎቹ ለጥገና የሚያስፈልገው ገንዘብ እንዲገኝ የማመቻቸት ግዴታ ገቡ። ጥገናውን እንቢ ካለ ፋብሪካ ጋራ ደግሞ ፈራሚዎቹ ሁሉ ንግድ እንዲያቋርጡ ተወሰነ። አንዱ ገዢ ቢተወው ሌላው ከሚቀበለው ይልቅ ሁሉም በአንድነት የሚተዉት መሆኑን ባለፋብሪካው ባወቀ ጊዜ፥ ለነገ የሚባለው ጥገና ለዛሬ ሆነ። ቃሉን ያላከበረ ገዢም በሽምግልና ዳኝነት ይጠየቅ ነበር። በሔግ ከተማ በቀረቡት ሁለት ክሶች ክርክሩ በስምምነት ያለቀ ሲሆን፥ በ2018 አንደኛው ኩባንያ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማምቷል።

ምርመራው ከ100,000 የሚበልጥ ጉድለት አወጣ። ሠራተኛ ሳለ የሚቈለፉ በሮች፥ እሳት የማይከላከሉ ደረጃዎች፥ የተላጡ የመብራት ሽቦዎች፥ ከሚችሉት በላይ የተጫኑ ወለሎች ተገኙ። በመጀመሪያው ምርመራ ከተመዘገበውም ጉድለት በጊዜ ብዛት ከመቶ 90 እጅ በላይ የሚሆነው ተጠገነ።

መንግሥቱም በበኩሉ በ2014 የፋብሪካ ቍጥጥር ክፍሉን ወደ መምሪያ ደረጃ ከፍ አድርጎ የተቈጣጣሪዎቹ የሥራ መደብ ወደ 575 እንዲደርስ ፈቀደ። ከዚህ በኋላ በ2020 በስምምነቱ የተጀመረው የምርመራ ሥራ ባለፋብሪካዎች፥ ገዢዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በጋራ ለሚያስተዳድሩት አንድ የአገር ውስጥ ምክር ቤት ተላለፈ። በ2021 ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈረመ፤ በ2023ም በፓኪስታን ተመሳሳይ ሥራ ተጀመረ።

የተቃዋሚዎቹም ቃል ይሰማ

እውነትን ሚዛን ለማድረግ የባለፋብሪካዎቹንም አቤቱታ ማስታወስ ይገባል። «ገዢው በአንድ እጁ የእሳት በር ግዛ ይለናል፤ በሌላው እጁ የሸሚዙን ዋጋ ይቀንስብናል» ብለው አማረሩ። ይህ አቤቱታ በከንቱ የሚጣል አይደለም። የደኅንነት ወጪ በዕቃው ዋጋ ውስጥ ካልገባ ከሠራተኛው ደመወዝ ወይም ከምሰሶው ብረት ላይ መቀነሱ አይቀርምና። ሌሎችም ቍጥጥር የመንግሥት ሥልጣን ስለ ሆነ የውጭ ኩባንያዎች ሊይዙት አይገባም ሲሉ ተከራከሩ። ይህም በመሠረቱ ትክክል ነው፤ የግል ምርመራ ቢጠነክር እንኳ ለውጭ ገበያ የማይሠራውን ትንሽ ፋብሪካ አይደርስበትም። ስለዚህ ስምምነቱ ለመንግሥት ቍጥጥር ድጋፍ ሊሆን ይገባዋል እንጂ ምትክ ሊሆን አይችልም።

የመንግሥት ተቈጣጣሪ ሥራ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1833 በወጣው የፋብሪካ ሕግ 4 ተቈጣጣሪዎች ተሾመው ነበር። በ1947 ደግሞ የዓለም የሥራ ድርጅት የሥራ ቍጥጥርን የሚመለከተውን ስምምነት ቍጥር 81 አጸደቀ። ይህ ስምምነት ስለ ኢንዱስትሪ ብቻ ሳይሆን ስለ ንግድ ቤትም ጭምር የሚናገር መሆኑን ነጋዴዎች ልብ እንዲሉት ያስፈልጋል። በእርሱ መሠረት ተቈጣጣሪው ቍጥጥር ወደሚደረግበት የሥራ ቦታ ሳያስታውቅ በቀንም በሌሊትም ሊገባ ይችላል፤ በሚቈጣጠረው ድርጅት ውስጥ ጥቅም ሊኖረው አይገባም፤ አቤት ያለውን ሰው ስም አያወጣም፤ የዓመቱም የቍጥጥር ሥራ መግለጫ ታትሞ መውጣት አለበት። ከዚህም ጋራ ለአሠሪውና ለሠራተኛው የሙያ ምክር መስጠት የተቈጣጣሪው ተግባር ሆኖ ተጽፏል። እንግዲህ ጥሩ ተቈጣጣሪ ቅጣት ይዞ የሚመጣ እንግዳ ብቻ ሳይሆን ያለ ዋጋ የሚመክር መሐንዲስ ነው ማለት ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ኢትዮጵያ ከ1923 ጀምሮ የዓለም የሥራ ድርጅት አባል ናት፤ ስለ ሥራ ደኅንነትና ጤንነት የተደነገገውን ስምምነት ቍጥር 155ንም በ1991 ተቀብላለች። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፥ ስለ ሥራው አደገኛነት ለሠራተኛው እንዲያስረዳ፥ የደረሰውንም ጉዳት መዝግቦ ለተቈጣጣሪው እንዲያስታውቅ ያዝዛል። በ2022 ደግሞ የዓለም የሥራ ድርጅት ጤናማና አደጋ የሌለበት የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ጋራ ቈጥሮታል።

ልብስ፥ ቆዳና አበባ ለውጭ ገበያ የሚያቀርቡ ላኪዎቻችን የገዢው መርማሪ በራቸው ሲደርስ ማየት ለምደዋል። በፈረንሳይ በ2017 የወጣው፥ በጀርመንም በ2023 በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ትላልቅ ገዢዎች ስለ አቅራቢዎቻቸው የሥራ ሁኔታ እንዲጠይቁ አስገድዷቸዋል። ላኪው ይህን ጥያቄ እንደ ውርደት ከሚቈጥረው ይልቅ መልሱን አስቀድሞ ቢያዘጋጅ ገበያውን ይጠብቃል። በአበባ እርሻ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ሠራተኛው መቼ ወደ ውስጥ እንደሚመለስ፥ በቆዳ ፋብሪካ የኬሚካሉ ጓንት መቼ እንደ ተለወጠ፥ በቡና ማበጠሪያ ቤት አቧራው በምን እንደሚወጣ በመዝገብ ያሰፈረ ላኪ መርማሪ አያስደነግጠውም።

ባለሱቁም «ይህ የፋብሪካ ነገር ነው» ብሎ ሊያልፈው አይገባም። የታዝሪን እሳት የተነሣው ከዕቃ ክምር መሆኑን ከላይ ተመልክተናል። በመርካቶም ሆነ በሌላ የገበያ ስፍራ ጨርቅ፥ ፕላስቲክና ካርቶን እስከ ጣራ የተከመረበት፥ የኋላ በሩም በሸቀጥ የተዘጋበት መጋዘን ካለ የአደጋው ዐይነት አንድ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ አንባቢ በዚህ ሳምንት በሥራ ቦታው ዞሮ እነዚህን ጥያቄዎች ራሱን እንዲጠይቅ እናሳስባለን።

1ኛ፥ ሠራተኛ በውስጥ ሳለ የሚቈለፍ መውጫ አለን? ካለስ ቍልፉ በማን እጅ ነው?

2ኛ፥ በወለሉ ላይ ምን ያህል ክብደት እንዲጫን በመሐንዲስ ተወስኗልን? ወይስ በግምት ይጫናል?

3ኛ፥ ሠራተኛው አደጋ ሲያይ ሥራ አቁሞ ለመውጣት ቢፈልግ ደመወዙ ሳይቀነስበት ሊያደርገው ይችላልን?

4ኛ፥ ባለፈው ምርመራ ከተጻፈው ጉድለት እስከ ዛሬ ያልተጠገነው የትኛው ነው? ለምንስ?

5ኛ፥ ከውጭ አገር ዕቃ የምናስመጣ ከሆነ አቅራቢውን ስለ ዋጋና ስለ ቀን ከጠየቅን በኋላ ዕቃው ስለሚሠራበት ቤት ጠይቀነው እናውቃለንን?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነው፤ ገንዘብ ሳይሆን ፈቃድ የሚጠይቅ ነውና። በራና ፕላዛ ስንጥቁን ለማየት መሐንዲስ አላስፈለገም ነበር። ሠራተኞቹ ራሳቸው አይተውታል፤ ያጡት የሚሰማቸውን ነው። የቍጥጥር መሻሻል ማለትም ያየ ሰው እንዲናገር፥ የተናገረ እንዲሰማ፥ የተሰማውም በቀን ተወስኖ እንዲጠገን ማድረግ ነው።

ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ በጉን አይመልሰውም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጕዳይ ነውና፥ ነጋዴው ኅብረተሰብ ተቈጣጣሪን በመፍራት ሳይሆን ቀድሞ በመዘጋጀት ሥራውን፥ ሠራተኛውንና ስሙን እንዲጠብቅ ምኞታችን ነው።